ማን ገፋሽ?

ኦቦ ከድር መሞታቸውን የነገረኝ ሰው እየሳቀ ነበር። ድሮ ሮቤ አብሮኝ ያስተምር የነበረ ሰው ነው። ደውሎ «ያ ጃንጥላ ጠጋኙ ሰውዬ ትዝ ይልሻል? ከአውሮፕላን የጣሉት? ሞተ እኮ» አለኝ። «ሞተ» የምትለዋን ከሳቁ ጋር አብሮ ነው ያወጣት። እንባ አልመጣልኝም፤ የመጣብኝ ንዴት ነው። ስልኩን ጆሮው ላይ ዘጋሁበት። ነጠላዬን ስፈልግ፣ ጫማዬን ሳጠልቅ፣ ከጎባ ወደ ሮቤ የሚሄድ ታክሲ ስጠብቅ ብቻዬን እየተሳደብኩ ነበር። የጎባ ሰው ቲቸር ለየላት ብሎ ይሆናል፤ ይበል።

ቀልዱን እዚያ አካባቢ ያልሰማ የለም። አንድ መሥሪያ ቤት ቀበሌውን «የጃንጥላ ልምድ ያለው ሰው ላኩልን» ይለዋል፤ ቀበሌው ጃንጥላ ጠጋኝ ይልካል። ሰውየው ጉጠቱንና ሽቦውን ይዞ አውሮፕላን ማረፊያው ድረስ ሄዶ «የተሰበረው ጃንጥላ የቱ ነው?» ብሎ ይጠይቃል። ፈረንጅ ሆዱ ላይ አስሮት ሰማይ ያወጣዋል። በሩ ጋ ሲደርስ ይንቀጠቀጣል፣ ገፍትረው ይጥሉታል። በዚህ ነው የሚሳቀው። ግማሹ እውነት ነው። የቀረው ግማሽ ውሸት መሆኑን የማውቀው ደግሞ እዚያው ቆሜ ስለነበር ነው።

ኦቦ ከድርን የተዋወቅኳቸው በስድብ ነው። ሮቤ እንግሊዝኛ ላስተምር እንደመጣሁ ገበያው አጠገብ ቤት ተከራየሁ። ባሌ ዝናቡ በዓመት ሁለቴ ይመጣል፤ ጃንጥላ የሌለው ሰው ሁለቴ ይበሰብሳል። እኔም አንድ አበባ አበባ ያለበት ጃንጥላ ገዛሁ። በሳምንቱ ነፋስ ገለበጠውና ወደ ኦቦ ከድር ወሰድኩት። አንድ የጨርቅ ሱቅ በረንዳ ላይ፣ አንዲት የእንጨት ሳጥን ፊታቸው አድርገው ነበር የሚቀመጡት። ቀጭን፣ ረጅም፣ ነጭ ጥምጣም የማይለያቸው ሰው ናቸው። ጃንጥላዬን በሁለት ጣት አንጠልጥለው አዩት።

«ይሄን ማነው ጃንጥላ ያለሽ?»

«ሻጩ ነዋ። አታሎኝ ነው።»

«ማን ገፋሽ?»

«ምን አሉኝ?»

«ግዢ ብሎ ከኋላ የገፋሽ ሰው አለ ወይ ነው የምልሽ። ከሌለ ራስሽ ነሽ የገዛሽው። ሰው አትሚ።»

ተናድጄ ልሄድ ስል ጃንጥላውን አልመልስም አሉኝ። ጠገኑት፤ እየሰደቡኝ ጠገኑት። ያ አበባ ጃንጥላ ከዚያ በኋላ ብዙ ዝናብ አሳልፎልኛል።

«ማን ገፋህ?» የሁልጊዜ ጥያቄያቸው ነበር። ያለ ፍላጎቴ ነው ያገባሁት ብሎ ለሚያማርር ጎረቤት፣ ጓደኞቼ ናቸው ጫት ያስለመዱኝ ለሚል ጎረምሳ፣ ለሁሉም ያው ነው። በዚያ ዘመን «መመሪያው ከላይ የወረደ ነው» የማይል የቀበሌ ሰው አልነበረም። አንዱ የበረንዳ ላይ ሥራ ክልክል ነው ሊላቸው መጥቶ ይህንኑ ሲል «የወረደውንስ አየሁት፤ አንተን ማን ገፋህ?» አሉትና ሥራቸውን ቀጠሉ። እኔ ፈርቼላቸው ነበር። እሳቸው ግን ከሰው ቁጣ ይልቅ የሰው እጅ ነበር የሚያስፈራቸው። ከኋላቸው ሰው እንዲቆም አይፈልጉም። መናኸሪያ ሲሄዱ ወንዱም ሴቱም፣ ዶሮው ሳይቀር ተጋፍቶ እስኪገባ ዳር ቆመው ይጠብቁና መጨረሻ ላይ ይገባሉ። አንዴ ገበያ ውስጥ ሳያስበው ከጀርባ የገፋቸውን ልጅ ዞረው በጃንጥላ እጀታ ሲሉት እኔ ነኝ የገላገልኩ።

የዚህን ነገር ምክንያት የነገረችኝ አከራዬ ናት። ኦቦ ከድር ጀማል የሚባል ታናሽ ወንድም ነበራቸው። በደርግ ጊዜ አየር ወለድ ሆኖ፣ በጃንጥላ ከሚወርዱት ወታደሮች አንዱ ሆኖ ሰሜን ዘመተ፤ አልተመለሰም። እሱስ የብዙ ቤት ሐዘን ነው። የእነሱን ቤት ለብቻው ያቆሰለው ኋላ የመጣው ወሬ ነው። አብሮት የነበረ አንድ ወታደር በጎባ ሲያልፍ፣ ለእናቱ መርዶ እንኳ ሳይነግር፣ ሻይ ቤት ቁጭ ብሎ «ጀማል የአውሮፕላኑ በር ላይ ሲደርስ ብረቱን ይዞ ቀረ፤ አፉ ይንቀጠቀጥ ነበር፤ አለቃችን ገፍትሮ ጣለው» ብሎ አወራ። በነጋታው ሮቤ ሰምታለች። ቤቱ «የተገፋው ቤት» ተባለ። እናታቸው ይህን እንደያዙ ሞቱ። ዘይነባ የምትባለው እህታቸው ጊኒር ተድራ ሄደች፤ ልጆች «የተገፋው እህት» እያሉ ስለሚጠሯት ሮቤ መምጣት ተወች። ኦቦ ከድር ብቻ ከተማው መሐል ተቀምጠው ያገኙትን ሁሉ ማን ገፋህ ይሉ ነበር። ይህ የሥራ ምርጫቸው ከጀማል ጋር ይያያዝ እንደሆን አንዴ ደፍሬ ጠይቄያቸው ነበር። «ሮቤ ይዘንባል» ብለውኝ ወደ ጉጠታቸው ተመለሱ።

የሚሊኒየሙ ቲሸርት ከሰው ላይ ገና ሳያልቅ ነው ፈረንጆቹ የመጡት። ትንሽ አውሮፕላን ይዘዋል። ከሰማይ እየዘለሉ የባሌን ተራሮች ፊልም ያነሳሉ፣ ፊልሙ ደግሞ ቱሪስት ያመጣል ተባለ። ልምድ የሌለውን ሰው ልምድ ያለው ሆዱ ላይ አስሮት፣ ሁለት ሆነው በአንድ ጃንጥላ ይወርዳሉ። ከአገሩ ሰው አንድ አብሯቸው ቢዘል ፊልሙ ያምራልና ከዚህ በፊት የዘለለ ሰው ፈልጉልን አሉ። የዘለለ ሰው ማለት የድሮ ወታደር ነው። እነሱን የተቀበለው መሥሪያ ቤት ኃላፊ ግን «የደርግ አየር ወለድ ፈልጉ» ብሎ በስልክ ቢናገር ነገ ምን እንደሚባል ስለፈራ «የጃንጥላ ልምድ ያለው» አለ። እንግዲህ ኦቦ ከድር ሞኝ ተብለው የሚሳቅባቸው፣ ያ ሰው አንዲት ቃል ለመጥራት ስለፈራ ነው። ስለ እሱ ስጽፍ አንቱ ማለት ይገባኝ ነበር፤ አልልም።

እኔን ለአስተርጓሚነት ጠርተውኝ አውሮፕላን ማረፊያው ሜዳ ላይ ነበርኩ። ሕዝቡ ገና በጠዋት ወጥቷል፤ ጃንጥላ ይታደላል የሚል ወሬ ሰምቶ የመጣም ነበር። ኦቦ ከድር ሳጥናቸውን በብብታቸው ይዘው ከአንድ ሚሊሻ ጋር ሲመጡ ኃላፊው ሳጥኑን አይቶ ነገሩ ገባውና ሆዱን ይዞ ሳቀ። በሚያውቃት እንግሊዝኛ ለፈረንጆቹ ነገራቸው፤ እነሱም ሳቁ። እኔ ሮጬ ሄድኩ።

«ኦቦ ከድር፣ ጃንጥላ ያሉት እኮ…»

«የትኛውን ጃንጥላ እንዳሉ አውቃለሁ። እኛ ቤት ጃንጥላ ሲባል የትኛው እንደሚታሰብ ታውቂ የለም?»

«ታዲያ ሳጥኑን ለምን አመጡት?»

«ባልይዘው ቀበሌው ስህተቱ ገብቶት ይመልሰኝ ነበራ። ንገሪው። እኔ እወጣለሁ።»

እዚያች ላይ ነው የገባኝ። እኚህ ሰው ዕድሜያቸውን ሙሉ የጠበቁት በር በስህተት ተከፍቶላቸዋል። ጀማል የቆመበት ቦታ ሊቆሙ ነው የመጡት። ሰው እዚያ ሲቆም ምን እንደሚሆን፣ እነሱ ቤት ያለው ደም እዚያ ሲደርስ እግሩን ያነሳ እንደሆን ሊያዩ።

ኃላፊው ሳቁን ሲጨርስ አሰበበት። ሽማግሌ ነው፣ ጥምጣም አለው፣ ፊልም ላይ ያምራል፤ ከድሮ ወታደርም ይሻላል። ተስማማ። ኦቦ ከድር ግን አንድ ነገር ያዙ።

«የሚያስረኝን ፈረንጅ እንዲህ በይው። በሩ ላይ አይግፋኝ። ቢስሚላሂ እላለሁ፣ ከዚያ እሺ እላለሁ፣ ከዚያ እኔው ራሴ ወደፊት እሄዳለሁ፤ እሱ ይከተለኝ። እምቢ ካልኩ ደግሞ ይመልሰኝ። እምቢም ከሆነ የራሴ እምቢ ይሁን።»

ቃል በቃል ተረጎምኩት። ፈረንጁ ቀይ ጢም ያለው ረጋ ያለ ሰው ነው፤ አልሳቀም። እሺ እና እምቢ የሚሉትን ቃላት አስተማርኩት፤ ደጋግሞ እንዳያምታታቸው አጠና። የኦቦ ከድርን እጅ ጨበጠ። ኃላፊው አጠገባችን ቆሞ ሁሉንም ሰምቷል። ቀበቶውን ሲያስሩላቸው ከሰው ጋር ወደ ዳር አስወጡኝ። ወደ ኋላ ስዞር ኃላፊው ለፈረንጁ ጠጋ ብሎ አንድ ነገር ሲነግረው፣ ፈረንጁም ራሱን ሲነቀንቅ አየሁ። ምን እንዳለው አልሰማሁም።

አውሮፕላኑ ጎባ ላይ ዞሮ፣ ወደ ተራራው ሄዶ፣ ተመልሶ ከጭንቅላታችን በላይ በጣም ከፍ ብሎ መጣ። አንዲት ነጥብ ተለየች። ነጥቧ ወረደች፣ ወረደች፣ ከዚያ ቀይ ጃንጥላ ተዘረጋ፤ ሜዳው ሁሉ በእልልታ ተሞላ። እኔም አልቅሻለሁ። ሆነላቸው ብዬ ነው።

ስንዴው ዳር ሣሩ ላይ አረፉ። ስደርስ ኦቦ ከድር ተፈትተው ተንበርክከዋል። ኃላፊው ካሜራ ያዡን አስከትሎ ጋቢ ሊያለብሳቸው መጣ።

«እንኳን ደስ አለዎት ኦቦ ከድር። ዘለሉ እኮ።»

ጋቢውን በክንዳቸው መለሱት። «ላኪ» አሉ በኦሮምኛ፤ አይሆንም ማለታቸው ነው። «አልዘለልኩም። ታዘልኩ።»

ሰው ሁሉ ሳቀ። በቃል የተጫወቱ መስሎት ነው። እኔ ፊታቸውን አየሁት፤ ጨዋታ አልነበረበትም።

«ቲቸር፣ ጠይቂልኝ። ቃላችን እንዲህ ነበር? ቢስሚ ያልኩት እዚያ ውስጥ ነው፤ ላሂ ያልኩት አየር ላይ ነው። የአላህን ስም አፌ ውስጥ ለሁለት ሰንጥቆ ይዞኝ ወጣ።»

ጠየቅሁት። ፈረንጁ መጀመሪያ አልገባውም፤ ሲገባው ፊቱ እንደ ጢሙ ቀላ። ኃላፊው የነገረውን ነገረኝ። በዚህ አገር ሰው ሲጋበዝ በቃኝ፣ አልፈልግም ማለት ጨዋነት ነው፤ ግድ እስኪሉት ይጠብቃል፤ ስለዚህ ሽማግሌው እምቢ ቢልም ዝም ቢልም ይሉኝታ ነው፣ አንተ ሂድበት ብሎታል። በሩ ላይ ኦቦ ከድር ብረቱን ይዘው አፋቸው ሲንቀሳቀስ አይቶ፣ የሚሉትን በነፋሱ ሳይሰማ፣ ይህ ነው ያ ጨዋነት ብሎ ዘለለ።

ማዕድ ላይ «በሞቴ ብሉ» የምንባባልበትን ወግ ወስዶ ሰውን ከሰማይ ለመጣል የተጠቀመበት ሌላ ሰው ያለ አይመስለኝም። ያንን መልስ ለኦቦ ከድር መተርጎም ነበረብኝ። እንግሊዝኛ ማወቄን የጠላሁት ያን ቀን ብቻ ነው። ኃላፊው «ምን ላድርግ፣ ፊልሙ ቢበላሽስ? ከላይ የመጡ እንግዶች አሉ፣ እኔም ታዝዤ ነው» አለ። ኦቦ ከድር ያችን ጥያቄያቸውን እንዲጠይቁት ጠበቅኩ። አልጠየቁም። ሳጥናቸውን አንስተው በእግራቸው ወደ ሮቤ ሄዱ።

ከዚያ ብዙ ቀን በረንዳው ባዶ ሆነ። ከተማው ደግሞ ቀልዱን መቅመስ ጀመረ፤ ኃላፊው በየስብሰባው፣ በየሠርጉ ያወራል። አንድ ከሰዓት ከትምህርት ቤት ስመለስ ቦታቸው ላይ ተቀምጠው አየኋቸው።

«ነይ ኢንታላ» አሉኝ፤ ልጄ እንደማለት ነው። «ተቀመጪ። አገሩን አየሁት እኮ።»

«እንዴት ነው?»

«አውሮፕላኑ ሲዞር ሲናና ከዳር እስከ ዳር ስንዴ ነው፤ ማሳው የተጣጣፈ ጨርቅ ይመስላል። የሮቤ ቆርቆሮ ያብረቀርቃል። ከጎባ በላይ ተራራው፣ ከተራራው ወዲያ የሳነቴ ባዶ ሜዳ፣ ከዚያ ወዲያ ሐረና ደኑ ጠቁሮ ደመና ተኝቶበታል። ያምራል። ወላሂ ያምራል። ተገፍቼ ባላየው።»

«ጃንጥላውስ?»

እዚህ ላይ ትንሽ ፈገግ አሉ። «እሱ አጥንት የለውም። አንድ ሽቦ የለበትም፤ የሚወጥረው አየሩ ነው። ሁሉ እንደዚያ ቢሆን እኔ ምን እበላ ነበር?»

ከዚያ ፈገግታው ጠፋ። ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

«ስሚኝማ። በሩ ላይ ብረቱን ይዤ ነበር። ለመቅረት አይደለም፤ ቢስሚላሂን ጨርሼ ልውጣ ብዬ ነው። አፌ ይንቀሳቀሳል፣ በነፋሱ አይሰማም። ያንን ፈረንጅ ብትጠይቂው ምን ይልሻል? ብረቱን ይዞ አፉ ይንቀጠቀጥ ነበር ይላል። አይልም?»

ብሏልም።

«ጀማልን ያሉት ይሄንኑ ነው። ቃሉ አንድ ነው ቲቸር። ይህን ሁሉ ዓመት ልጁ ፈራ እያልን፣ እናቴም ፈራ እያለች ሞተች። ቢስሚላሂ ላይ ነበር። ሊዘል ነበር።»

«እርግጠኛ ነዎት?»

ተቆጡ። «አይደለሁም። ፈሪ ነው ያሉት እርግጠኛ ነበሩ? የተገፋ ሰው ፈሪ ይሁን ጀግና ማን ያውቃል? የገፋው ሰው ነው ሁለቱንም የሰረቀው። የእኔንም ሰረቀኝ። ጀማልን ግን መለሰልኝ።»

በሳምንቱ የጊኒር አውቶቡስ ሊሳፈሩ መናኸሪያ አየኋቸው። ዳር አልቆሙም። ሰዉ መሐል ገብተው፣ ከኋላ እየተገፉ፣ በሁለት ክንድ ተጨምቀው ጥምጣማቸው ተጣሞ ገቡ። ማንንም አልሰደቡም። ሲመለሱ ዘይነባን ይዘው ነው የመጡት። ዘይነባ በገበያው መሐል ከወንድማቸው ጎን ቀና ብለው ሲያልፉ አይቻለሁ። እኔ ወደ ጎባ እስክዛወር ድረስ በየዒዱ ይመጡ ነበር።

የኦቦ ከድር ለቅሶ ቤት ስደርስ ድንኳን ተጥሏል፤ ወንዶቹ በወዲህ፣ ሴቶቹ በመጋረጃ ማዶ። ሄጄ ዘይነባ አጠገብ ተቀመጥኩ። አርጅተዋል፤ መቁጠሪያቸውን ይዘው በቀስታ ይቆጥራሉ። ብዙም ሳንቆይ ከመጋረጃው ወዲያ የማውቀው ድምፅ ሰማሁ። ኃላፊው ነው። ሊያስተዛዝን መጥቶ ሰውን ላጫውት ብሎ ጀመረ። ቀበሌውን አመጣ፣ ሳጥኑን አመጣ፣ ሰው ሳቅ ሳቅ አለ። ከዚያ «በሩ ላይ ሲደርስ ብረቱን ሙጭጭ አድርጎ ያዘ፤ አፉ ይንቀጠቀጣል፤ ፈረንጁ ገፍትሮ ባይጥለው እስከ ዛሬ እዚያው ነበር» አለ።

የዘይነባ ጣት መቁጠሪያው ላይ ቆመ። አንገታቸውን ደፉ። ያቺ ልጆች «የተገፋው እህት» የሚሏት ሴት ተመልሳ ስትመጣ በዓይኔ አየኋት። አንድ ወንድማቸውን እንዲህ ቀብረውባቸዋል፤ ሁለተኛውንም ሊደግሙላቸው ነው።

ተነሳሁ። መጋረጃውን ገልጬ ወንዶቹ መሐል ቆምኩ። ነውር ነው፣ አውቃለሁ።

«ቢስሚላሂ እያሉ ነበር» አልኩት። «ብረቱን የያዙት ለዚያ ነው። አይግፋኝ ብለው ቃል አስገብተውት ነበር፣ የተረጎምኩት እኔ ነኝ፣ አጠገቤ ቆመህ ሰምተሃል። እምቢ ቢልም ሂድበት ብለህ ለፈረንጁ የነገርከው አንተ ነህ። ከዚያ ወዲህ በየድግሱ የምታስቀው በዚህ ነው።»

አንድ ሽማግሌ «አስተግፊሩላህ» አሉ በለሆሳስ።

«ቲቸር፣ ለቅሶ ቤት እኮ ነው» አለ ኃላፊው። ፊቱ ላይ ሳቁ አልወርድ ብሎት ቀርቷል። «ለጨዋታ ያህል ነው። ደግሞ ያኔ እኔ ከላይ ታዝዤ…»

«አንተ ልጅ» የሚል ድምፅ መጣ ከመጋረጃው ማዶ። ዘይነባ ናቸው። አልጮሁም። ወንድማቸው ጃንጥላዬን በሁለት ጣት ይዘው በተናገሩበት ድምፅ ነው የተናገሩት።

«ማን ገፋህ?»

ኃላፊው ትንሽ ተቀምጦ፣ ማንም የሚያነጋግረው ሲያጣ ተነሳ። ውጭ ዝናቡ ጀምሮ ነበር። ድንኳኑ አፍ ላይ ቆሞ ጃንጥላውን ሊዘረጋ ታገለ፤ አንድ ሽቦ ወልቆ አልከፈት አለው። ሮቤ ውስጥ የሚጠግንለት ሰው የለም። እየበሰበሰ ሲሄድ ቆሜ አየሁት፤ እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ ደስ አለኝ።